ሰባት ጊዜ የተገዛው ጽሑፍ

በዚህ ጉዞ ውስጥ ያለነው ሰዎች ብዙ አይደለንም። አንደኛው እኔ በቀለ ነኝ። ድሬዳዋ ከዚራ የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተር እጠግናለሁ፤ በወጣትነቴ የምድር ባቡር መካኒክ ነበርኩ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ከዚያ ወዲያ ያወቅሁትን በንባብ ነው ያወቅሁት። ሁለተኛዋ የመጨረሻ ልጄ ሰላም ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ጅቡቲ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥረው ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ጥናት ትጽፋለች። ሦስተኛዋ እትዬ አልማዝ ናቸው፤ የሥራ ባልደረባዬ የነበረው የጋሽ ተሰማ ባለቤት፣ አሁን ብቻቸውን የቀሩ፣ ቤታቸው ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ዶ በሚባለው ሠፈር ነው። አራተኛዋ ሮማን ናት፤ በአንዲት ፈረንሳዊት ቤት የምትሠራ፣ ለሰላም ጥናት መጀመሪያ አፏን የከፈተች ሴት። አምስተኛዋ ጠጅቱ ናት፤ የሮማን ጓደኛ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ። ከእነሱ ጋር ሌሎች አምስት ሴቶች አሉ፤ ስማቸው እንዳይጠራ ስለጠየቁ አልጠራውም።

የሄድንበት ምክንያት እንዲህ ነው። ሰላም ከሁለት ዓመት በፊት እነዚህን ሴቶች አነጋግራ አንድ ጽሑፍ አሳትማ ነበር። ስትለያቸው «የጻፍኩትን ይዤላችሁ እመጣለሁ» ብላ ቃል ገብታ ሳትመለስ ቀረች። አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ጽፋ፣ አንድ ትልቅ የውጭ መጽሔት ተቀብሏታል። መጽሔቱ እስከ እሑድ ፈርሚ ብሏታል። እሷ ግን ሳትፈርም ሴቶቹን ልያቸው አለች። እኔም ሴት ልጅ በዚያ መንገድ ብቻዋን አትሄድም ብዬ ተነሣሁ። ሠላሳ ዓመቷ ሊሞላ ምን ቀራት? ስቃብኛለች። እውነቱን ለመናገር የወጣትነቴን ከተማ እንደገና ለማየት ምክንያት ፈልጌ ነበር።

ረቡዕ

ጎህ ሲቀድ በሚኒባስ ከድሬዳዋ ወጣን። በእኔ ጊዜ ጅቡቲ የሚኬደው በባቡር ነበር። ባቡሩ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ አዲሱ ይሠራል የሚባለውም ገና ወሬ ነበር። የድሮው ሐዲድ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እየታየ አብሮን ይጓዛል። ብረቱ ዝጎ የአሸዋውን መልክ ይዟል። ባቡሩ ዘገምተኛ ነበር፤ ግን በየጣቢያው ያቆማል፣ ሰው ይወርዳል፣ የግመል ወተት ይጠጣል፣ የማያውቁት ሰው የቤተሰቡን ታሪክ ሲያጫውት ይዋላል። በሚኒባስ ግን ጉልበት ለጉልበት ተጋጭቶ የሚጫወት ሰው የለም፤ ሁሉም የስልኩን ቁልፍ ይነካካል።

እኛ ግን ተጫወትን፤ ማለቴ ተከራከርን።

«ምን ያስጨንቅሻል? ትልቅ መጽሔት ከሆነ ፈርሚ» አልኳት።

«አባዬ፣ ከፈረምኩ ጽሑፉ የእነሱ ነው የሚሆነው። ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጡታል፤ ማንበብ የፈለገ ሠላሳ አንድ ዶላር ይከፍላል።»

«ይክፈላ! እኔ ያነበብኩትን ሁሉ በላቤ ገዝቼ ነው። በነፃ የተገኘ ነገር ሰው አያከብረውም።»

«ከዚያ ገንዘብ ለእኔ አንድ ሳንቲም አይደርሰኝም። ጽሑፉን መርምረው ያረሙት መምህራንም አይከፈላቸውም።»

ሾፌሩ በመስተዋቱ አያት። «እህቴ፣ በነፃ ነው የምትሠሪው? እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ሒሳብ ያውቃል ብዬ!» አለ፤ መኪናው በሙሉ ሳቀ።

ሰላም አልተቆጣችም፤ ለሾፌሩም ለእኔም አስረዳችን። ክፍት የሚባል ሌላ የኅትመት መንገድ አለ፤ ማንም ሰው ሳይከፍል ያነባል። ትልቁ መጽሔት ራሱ ክፈቱልኝ ካሉት ይከፍታል፤ ግን ከጸሐፊዋ ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። ሌላ፣ በአፍሪካ መምህራን የሚዘጋጅ ትንሽ መጽሔት ደግሞ አለ፤ ከጸሐፊም ከአንባቢም አይቀበልም። ነገር ግን ስሙ ስላልገነነ ለማዕረግ እድገት የሚያስገኘው ነጥብ ትንሽ ነው፤ ምርመራውም እንደገና ከሀ ይጀመራል። የሰላም እድገት ደግሞ በዚያው ዓመት የሚታይ ነበር።

«በቃ ትልቁን ፈርሚ» አልኩ ለሁለተኛ ጊዜ። በራሴ የምተማመን ሰው ነኝ።

ድንበሩ ላይ ያለችው ደወሌ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ ሲቀይር ከመንገዱ ዳር የቆርቆሮ ጥላ የሠራች አንዲት የኢሳ ሴት ጠርታ አስቀመጠችን፤ ሻይ አቀረበችልን። ልንከፍል ስንል እጇን አወዛወዘች፤ ጎማ የፈነዳበት ሰው እንግዳ ነው፣ ደንበኛ አይደለም ማለቷ እንደሆነ ሾፌሩ ተረጎመልን። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጊዜ ሻይ ቤቱ ዋጋ ይጨምራል፤ አልዋሽም።

ከዚያ የደረሰብኝ ግን የራሴ ጥፋት ነው። ለእትዬ አልማዝ አንድ ጣሳ ለጋ ቅቤ ይዤ ነበር። ክዳኑን ራሴ ነኝ የዘጋሁት፤ መካኒክ የዘጋው ክዳን አያፈስም ብዬ ከጭኔ ላይ አላወረድኩትም። ከዓሊ ሳቢሕ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ አቀለጠው፤ ሱሪዬን አጠጣው፤ ኮቴንም አዳረሰ። ከጅቡቲ ከተማ መግቢያ፣ ፔካ 12 ስንደርስ፣ የእኛ አገር ታርጋ የለጠፉ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ወደቡን ሲጠብቁ ሳይ፣ እንደ ድሮው ልቤ ሊደሰት ፈለገ። ግን ዝንብ ከብቦኝ ነበር።

እትዬ አልማዝ በሩን ከፍተው ዓይተውኝ ዓይተውኝ፣ «በቀለ፣ ሽማግሌ ሆነህ መጣህ ወይስ ተጠብሰህ?» አሉኝ።

ሐሙስ

ሱሪዬና ኮቴ በሳሙና ተዘፍዝፈው እኔ በጋሽ ተሰማ ሽርጥ ተቀመጥኩ። ድሬዳዋም ሽርጥ ይለበሳል፤ እኔ ግን ከልጆቼ ፊት ለብሼ አላውቅም። ቁርስ የፈረንሳይ ዳቦና ፉል ነበር። የድሬዳዋ ሙቀት ደረቅ ነው፤ ላብ ወዲያው ይተናል። የጅቡቲው ጥርም ቢሆን እርጥብ ነው፤ ላቡ ሰውነት ላይ ተቀምጦ ይውላል። የከተማው ሰዎች ጥር ብርድ ነው ብለው ሹራብ ይደርባሉ።

ጠዋት እስከ ራስ ዲካ በእግራችን ሄድን። በወጣትነታችን ዓርብ ዓርብ ከተሰማ ጋር እዚያ እንዋኝ ነበር። ባሕሩ ያው ነው። ዳርቻው ግን ተሞልቶ፣ አጥር በዝቶበት፣ እኛ ልብሳችንን የምንሰቅልበት ቦታ የት እንደሆነ ለሰላም ላሳያት አልቻልኩም። የማላውቃቸው ግንቦች ፊት ቆሜ «እዚህ ነበር» ስል ልጄ አንገቷን ነቀነቀች፤ እንዳታሳፍረኝ ብላ ነው።

ምሳ እትዬ አልማዝ በየመኖች አሠራር የተጠበሰ ዓሣ ከሠፈሩ አስመጡ። ተሰማን አነሣን። የባቡሩ ጋራዥ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበር። እኔም ለሰላም ምክር የምሰጥበት አጋጣሚ አገኘሁ ብዬ፣ «አየሽ፣ መጽሐፍ መግዛት የጀመርኩት እዚህ ከተማ ነው። ከደመወዜ እየቀነስኩ ...» ማለት ጀመርኩ።

እትዬ አልማዝ ዓሣውን ከአፋቸው መለሱት።

«ማን? ማን ነው የገዛው?»

«እኔ ነኛ።»

«አንተ በቀለ፣ እግዜርን ፍራ! የተሰማን መጽሐፍ አይደል በብብትህ ሸጉጠህ ትወስድ የነበረው? ግሪስ ለቅልቀህ ስትመልሰው ቅጠል በቅጠል የምጠርገው እኔ!»

«ታዲያ ኪራይ ይከፍል ነበር?» አለች ሰላም፤ ዓይኗ እየሳቀ።

«ኪራይ? ምሳውን በልቶ ነበር የሚሄደው! እራቱንም እያስቋጠርኩት!»

ሁለቱ ሴቶች እስኪያለቅሱ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የሰው ልጅ ለልጆቹ ሲደጋግም የኖረውን ነገር እንዴት ራሱ እንደሚያምነው በዚያ ማዕድ ላይ ተረዳሁ። መጻሕፍት ገዝቻለሁ፤ እሱ ሐሰት አይደለም። የገዛሁት ግን ማንበብ ከቻልኩ በኋላ ነው። ፈረንሳይኛ ያነበብኩበት፣ የሞተር ሥዕል መረዳት የጀመርኩበት የተሰማ የመጻሕፍት ሣጥን ነበር።

የተሰማ ግምጃ ቤት አሠራር ትዝ አለኝ። ሁላችንም መፍቻ ስንወስድ ስማችን የተቀረጸበትን የነሐስ ምልክት፣ ጀቶን የምንለውን፣ ሚስማር ላይ እንሰቅል ነበር። ያለ ጀቶን ብሎን እንኳ አይሰጥም፤ ለሥራ አለቃውም ቢሆን። መጽሐፍ ሲሆን ግን ጀቶን አይቀበልም ነበር። አንድ ቀን ለምን ብዬ ጠይቄው፣ «መፍቻውን አንተ ከያዝከው ሌላው ሥራ ይፈታል። ያነበብከውን ግን ማታ ለሌላው ታወራለታለህ፤ እኔ ጋ ምን ይጎድላል?» ብሎኝ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ረስቼ «ሰው ካልከፈለ አያከብርም» እያልኩ ልጆች አሳደግሁ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ድሮው ባቡር ጣቢያ ብቻዬን ሄድኩ። በሩ ተዘግቷል። በአጥሩ ክፍተት አሻግሬ ዓይቼ ተመለስኩ።

ዓርብ

ጅቡቲ የዕረፍት ቀን ዓርብ ነው። ሴቶቹ አሠሪዎቻቸው የሚለቋቸው በዚህ ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ረፋዱ ላይ ሰባቱም በአንድነት መጡ። ሱሪዬ ገና አልደረቀም።

ሮማን ገና ከበሩ ሳታልፍ፣ «ሰሊ፣ ወፍረሻል! ዩኒቨርሲቲ ጮማ ነው እንዴ የሚያበላሽ?» አለች። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ፣ «አባባ፣ እርስዎማ በሁለት ቀን ጅቡቲያዊ ሆኑ!»

ሽርጤን ወደ ታች ሳብኩ።

ጨዋታው ሲደራ ሮማን ከቦርሳዋ በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አወጣች። ጠጅቱም አወጣች። ሌሎቹም አወጡ። ሰባት ተመሳሳይ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች፣ የአንዱም ጫፍ ያልተጨማደደ፣ በሰላም ፊት ተደረደሩ።

«በይ ፈርሚልን» አለች ሮማን።

ሰላም የመጀመሪያውን ገጽ ዓይታ ደነገጠች። የራሷ የመጀመሪያ ጽሑፍ ነው። «ከየት አገኛችሁት?»

«ገዛነዋ! ማዳሜ ስምሽን ኮምፒውተር ላይ ጽፋ አገኘችው። ክፈሉ ይላል አለችኝ። አንዱን ልግዛላችሁና አባዙት ስትለኝ እምቢ አልኳት። ሰው ልጁን ሲድር አንዱ ለሰባት ያዋጣል እንዴ? እያንዳንዳችን በየራሳችን ነው አልኳት።»

«ማዳም ምን አለች?» አሉ እትዬ አልማዝ።

«ሮማን፣ አሞሻል? አለችኝ! ግን ሰባት ጊዜ በካርዷ ከፈለች። የእኔን ከደመወዜ ቆረጠች፤ የነሱን ሰብስቤ ሰጠኋት። አምስት ሺህ አምስት መቶ ፍራንክ ነው የአንዱ።»

የእነዚህን ሴቶች ደመወዝ ሰላም ነግራኝ ነበር። የአንዱ ዋጋ ከወር ደመወዛቸው ወደ ሲሶ የሚጠጋ ነው።

ከዚያ ጠጅቱ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅዋ፣ «ደረሰሽ ወይ? ትንሽ ነች ብለን አፍረን ነበር» አለች።

ለጽሑፉ ዋጋ አልነበረም የከፈሉት። አገራቸው ላይ ሰው ሲመረቅ ወይም ሲዳር እንደሚያዋጡት ለሰላም ነበር ያዋጡት። ገጹ ክፈሉ ሲል ልጅቷ እጇን የዘረጋች መስሏቸዋል።

የልጄን ፊት አውቀዋለሁ። «ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እኔ ደግሞ ከርቀት፣ «ሰላም! እንዳትዋሺ» አልኳት። ድምፄ ጋራዥ ውስጥ የምጮህበት ድምፅ ነበር።

ነገረቻቸው። ገንዘቡ ለአሳታሚው እንደሚገባ፣ ለእሷ እንደማይደርስ፣ ሰባት ሆነው እንደከፈሉም እስከዚያች ሰዓት እንዳላወቀች ነገረቻቸው።

«ታዲያ ማን በላው?» አለች ሮማን።

«አሳታሚው ነዋ፣ ሮሚ።»

«የተናገርነው እኛ። የጻፍሽው አንቺ። እነሱ በር ላይ ቆመው ነው የሚቀበሉት?»

«እንደዚያ በይው።»

ይህን ስሰማ የገዛ ሙያዬ ነው የታየኝ። ሰው ሞተሩን ተሸክሞ መጥቶ፣ ራሱ ፈትቶ ራሱ ገጥሞ፣ ሲወጣ ዘበኛው ሒሳብ ቢጠይቀው ማለት ነው። ጠጅቱ የእሷን ወረቀት ቀስ ብላ ወደ ላስቲኩ መለሰችው። እውነት መናገር ትክክል ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው አምናለሁ። ነገር ግን ሰጠን ብለው ደስ ብሏቸው የኖሩትን ስጦታ ከእጃቸው የነጠቅኋቸው እኔ ነኝ። የጠጅቱን ፊት ሳስታውስ እውነት ለምን አንዳንዴ ይህን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም።

ያስታረቁን እትዬ አልማዝ ናቸው። «ምን ትተያያላችሁ? የገዙትን አንብቢላቸው እንጂ! እንግሊዝኛ ማን ያውቅላቸዋል?»

ሰላም አንዱን አንሥታ ወደ አማርኛ እየመለሰች ማንበብ ጀመረች። በመጀመሪያ እንደ ቅዳሴ አጎንብሰው ሰሙ። ከዚያ አንዷ ሴት ስለ አሠሪዋ ድመት የተናገረችው ጋ ስትደርስ፣

«ይቺ እኔ ነኝ!» አለች ሮማን።

«ዝም በይ፣ ስም አይነገርም ተብሏል!»

«ድመቷ ታውቀኛለች፤ ምን ልደብቅ?»

ሳቁ። ወዲያው አንድ ሌላ ቦታ ደረሰች። አንዲት ሴት በየዓርቡ ራስ ዲካ ባሕሩ ዳር ተቀምጣ ወደ አገር ቤት ትደውላለች፤ ለመነጋገር ሒሳብ ስለማይበቃ አንዴ ብቻ አስጠርታ ትዘጋለች። እናቷ ስልኩ አንዴ ሲጮኽ ልጄ አለች ትላለች። ሰላም እዚህ ላይ አንብባ ቆመች። ማንም ይቺ እኔ ነኝ አላለም። ጠጅቱ ብቻ፣ «አሁንም ትጠብቃለች» አለች።

ከምሳ በኋላ ሮማን ወደ ዋናው ነገር መጣች። «ሁለተኛውንስ? እሱንም ይሸጡታል?»

ሰላም እስከ እሑድ መልስ መስጠት እንዳለባት፣ ማስከፈቻው ስንት እንደሆነ ነገረቻቸው። ሮማን ጓደኞቿን ቃኘች። «የእቁባችን ዕጣ የፊታችን ወር የእኔ ነው ...»

«አይሆንም!» አለች ሰላም።

እትዬ አልማዝ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ይህ ድምፅ ከማን እንደተወረሰ ጠፋኝ» አሉ።

ቅዳሜ

ጠዋት ሰላም ኢንተርኔት ቤት ልሂድ አለች። ተከተልኳት። ባለቤቱ ዓሊ የሚባል የከተማው ሰው ነው፤ ልጅነቱን ድሬዳዋ ስላሳለፈ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። የየትኛው ሠፈር ሰዎች እንደሆንን ጠይቆ ከዚራ ስንለው፣ የከዚራን የዛፍ ጥላ እንደ ዘመድ አነሣሣው።

ሰላም ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች፤ የመጽሔቱን የውል ገጽ ከፈተች። ከዚያ ዞር ብላ «አባዬ፣ ምን ትላለህ?» አለችኝ።

በሕይወቴ ልጆቼ ምክር ሳይጠይቁኝ መክሬአለሁ። አሁን ስጠየቅ ግን የምለውን መዘንኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ፈርሚ ብያታለሁ። አትፈርሚ ብላት ደግሞ እድገቱ የሚቀርባት እሷ እንጂ እኔ አይደለሁም። የሰው ልጅ በሌላ ሰው ኪሳራ ጻድቅ መሆን የለበትም።

«የምትኖሪበት አንቺ ነሽ» አልኳት። «የትናንትናውን ሁለታችንም አይተናል። ከዚህ በላይ አልልም።»

ከዚያ መጻፍ ጀመረች። ጽሑፏን ከትልቁ መጽሔት እንደምታወጣ አመስግና ጻፈች። ልትልከው ስትል መብራት ጠፋ።

«ኢንሻአላህ ይመጣል» አለ ዓሊ፤ ቀዝቃዛ ውሃ አመጣልን።

በጨለማው ቤት ላባችን እየወረደ ተቀመጥን። ምልክት ነው፣ ተይው ልላት ይሆን ብዬ ራሴን ጠበቅሁት፤ አላልኳትም። እሷም አልተነሣችም። መብራቱ ሲመጣ የጻፈችው ሁሉ ጠፍቶ ነበር። እንደገና ከመጀመሪያው ጻፈችው፤ ሁለተኛው ከፊተኛው አጠረ፤ ላከችው። ወዲያው ደግሞ ከማንም ወደማይቀበለው ትንሽ መጽሔት ላከች። ዓሊ መብራት የጠፋበትን ሰዓት ቀንሶ አስከፈለን፤ ይህም ደግነት ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ በወደቡ በኩል ዞርን። መርከቦቹ ቆመዋል፤ ክሬኖቹ ያወርዳሉ፤ የሚወርደው አብዛኛው ወደ እኛ አገር የሚሄድ ነው። ሰላምን «ከፋሽ?» አልኳት።

«ፈራሁ።»

እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን አባት ስለሆንኩ አልነገርኳትም። አሁን ስታነበው ታውቃለች።

እሑድ

እትዬ አልማዝ ሱሪዬን ተኩሰው ሰጡኝ። ከጋሽ ተሰማ መጻሕፍት አንዱን፣ ስለ ናፍጣ ሞተር የሚናገረውን፣ በሽርጡ ጠቅልለው ጨመሩልኝ። ጀርባው ላይ የጣቴ የግሪስ አሻራ አለ። «ይኸው፣ አሁን የአንተ ነው። ገዝቼው ነው በል» አሉኝ። ስንሰናበት ሁለታችንም እንደገና እንደማንገናኝ የገባን ይመስለኛል፤ ስለዚህ ብዙ ቀለድን።

የሆነው ይህ ነው። ትንሹ መጽሔት ጽሑፉን መርምሮ፣ ሁለት ጊዜ አስተካክይ ብሎ መልሶ፣ በመጨረሻ አወጣው። ሰላም የአማርኛ ቅጂ አብሮ እንዲወጣላት ጠይቃ ፈቀዱላት። ሮማን ደውላ፣ ከማዳም ማብሰያ ቤት ሆና በስልኳ እያነበበችው እንደሆነ ነገረችን፤ አንድ ቦታ ላይም «እንዲህ አላልኩም» ብላ ተቆጣች፤ ሰላምም አረመችው። የሰላም እድገት በዚያ ዓመት አልጸደቀም፤ አሥራ አራት ወር ዘገየ።

የወጣውን ሁሉ ደምሬዋለሁ። ሴቶቹ ለመጀመሪያው ጽሑፍ ከፍለው የቀረባቸው ሠላሳ ስምንት ሺህ አምስት መቶ ፍራንክ በጊዜው ምንዛሪ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ብር ግድም ነው። ሰላም ልትመልስላቸው ብትሞክር ተቆጧት፤ መዋጮ አይመለስም አሉ። የእኛ የሁለታችን የመንገድ ወጪ ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር። የሰላም የአሥራ አራት ወር የደመወዝ ጭማሪ አሥራ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ብር። የሴቶቹን ሳላስበው ያደርኩበት ቀን የለም፤ የቀረውን ግን አውቀን ነው የከፈልነው። ሁሉም ተደምሮ አሥራ ስምንት ሺህ ስምንት መቶ ብር ነው።